ሠሪዎቹም ይታሰቡ፦ ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶቻችን ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

በሀገር ውስጥና በባሕር ማዶ በሚገኙ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ለምታገለግሉ አስተዳዳሪዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ካህናትና ሰባክያነ ወንጌል፤

ጉዳዩ፦ የምእመናንን የዕለት ሥራ በጸሎት፣ በምስጋናና በምክር ስለ ማሰብ

ክቡራን አባቶቼና ወንድሞቼ፣ አስቀድሜ ቡራኬያችሁ እንዲደርሰኝ እየለመንሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በአዲስ አበባ በአንድ ሆስፒታል በነርስነት የማገለግል፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በአንድ አጥቢያ የተገለገልሁና በሰንበት ትምህርት ቤት ያደግሁ ምእመን ነኝ። የሸማኔ ልጅም ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው የምጽፍላችሁ ነገር ሁሉ ከአባቴ የሸማ ጉድጓድ ስለሚነሣ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ መጥቶ ሽሮ ሜዳ አካባቢ የኖረ ሸማኔ ነው። ከዓመታት በፊት በአጥቢያችን አንድ ማኅበር ለቤተ መቅደሱ አዲስ መጋረጃ ለማሠራት ተነሥቶ ክሩን ገዛ፤ አባቴም የእጄን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ሥራውን ያዘ። ቀን ለገበያ የሚሆነውን እየሠራ፣ ማታ ማታ ዐቢይ ጾምን ሙሉ ያንን መጋረጃ ሠራ። እናቴ ማጉን በቀሰም ታጠነጥንለታለች፤ መብራት በሄደ ጊዜ ደግሞ እኔ ሻማ ይዤ ከጉድጓዱ አፍ እቀመጣለሁ። ሥራ ሲጀምር መወርወሪያውን እንደያዘ ያማትባል፣ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲመላለስ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ክር ሲበጠስ ቆም ብሎ ሁለቱን ጫፎች በምራቁ ያርስና በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሽቶ ይቀጥላቸዋል። የተቀጠለበትን ቦታ ሸማው ካለቀ በኋላ ፈልጌ አግኝቼው አላውቅም።

የንግሡ ዕለት መጋረጃው ተሰቅሎ ዋለ። ከቅዳሴ በኋላ በድምፅ ማጉያው ማስታወቂያ ሲነገር ክሩን የገዛው ማኅበር ከነገንዘቡ መጠን ተጠራ፤ ጃንጥላ በጨረታ ያሸነፉት ተጠሩ፤ ድንኳን ያስተከሉት፣ ጄኔሬተር ያዋሱት ተጠሩ፤ ለእያንዳንዳቸው እልል ተባለ። መጋረጃውን የሠራው ሰው ግን አልተጠራም። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ በወንዶች መቆሚያ በኩል ቆሞ ነበር። ቤት ስንገባ ቅር ብሎት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። «ከታች በኩል አንድ ስንዝር ያህል ማጉ ላልቶብኛል፤ እሱን ሳይ ነው የዋልሁት» አለኝ።

አባቶቼ፣ ይህን የምጽፈው የአባቴ ስም ይነበብልኝ ብዬ አይደለም። ጌታችን ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ብሎናል፤ አባቴም ከዚህ ቃል በላይ የሚሻው ምስጋና እንደሌለ ሲናገር ሰምቻለሁ። ያሳሰበኝ ዝርዝሩ የሚያስተምረው ትምህርት ነው። በየሳምንቱ ከቅዳሴ በኋላ የሚነበበው ዝርዝር፣ ማናችንም ሳናስበው፣ ራሱን የቻለ ስብከት ሆኗል። ከዐውደ ምሕረቱ ሥር የሚቆሙት ልጆቻችን ከዚያ ስብከት የሚማሩት በእግዚአብሔር ቤት የሚቆጠረው ብር መሆኑን፣ ብሩ የተገኘበት ላብና በቀጥታ በእጅ የተሰጠው አገልግሎት ግን የማይቆጠር መሆኑን ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የምንውልበት ሥራ «ዓለማዊ» ተብሎ ከበሩ ውጭ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚገባው የሥራው ገንዘብ ብቻ ነው።

ቅዳሴያችን ግን እንዲህ አያስተምርም። ገና ከመጀመሪያው ካህኑ በጸሎተ አኰቴት እግዚአብሔርን ስለ ሸፈነን፣ ስለ ረዳን፣ ስለ ጠበቀንና እስከዚች ሰዓት ስላደረሰን ያመሰግነዋል። መሥዋዕቱ ራሱ አኰቴተ ቁርባን ይባላል፤ ምስጋና ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሰዓት ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች፣ ስለ ምድር ፍሬ፣ ስለ መንገደኞችና ስለ ድውያን ትለምናለች፤ እርሻውም ጉዞውም ሕመሙም ሁሉ ወደ መቅደሱ ይገባል። በመንበሩ ላይ ያለውን ደግሞ አንድ በአንድ እንመልከት። ኅብስቱን በቤተልሔም ዲያቆኑ ከመጋገሩ በፊት ስንዴውን የዘራ ገበሬና የፈጨ ሰው አለ። ወይኑን ያስገኘውን ዘቢብ የለቀመ እጅ አለ። ጻሕሉንና ጽዋውን አንጥረኛ ሠርቶታል፤ የሚነበበውን የብራና መጽሐፍ ቆዳውን ፍቆና ወጥሮ ያዘጋጀ ባለሙያ አለ፤ ውጭ የሚመታውን ከበሮ ቆዳ የሚያለፋ ሰው ለጉሞታል፤ መጎናጸፊያው የሸማኔ ነው። እነዚህን እጆች ከመቅደሱ ብናወጣቸው ካህኑ በባዶ መንበር ፊት ባዶ እጁን ይቆማል። ሰዓታቱን የደረሰልን አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለማኅበሩ እህል ይፈጭ እንደ ነበር ገድሉ ይነግረናል፤ ያ ወፍጮ ከድርሰቱ ያነሰ አገልግሎት እንደ ነበር ግን ማንም አልነገረንም።

በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር ለሙሴ የይሁዳ ነገድ የሆነውን ባስልኤልን በስሙ እንደ ጠራው ሲነግረው መንፈሴን ሞላሁበት ይለዋል። መንፈሱ የመጣለት ለትንቢት ወይም ለክህነት ሳይሆን ለእጅ ሥራ ነው፤ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በእንጨት እንዲሠራ ነው። ከእሱ ጋር ከተቆጠሩት ሠራተኞች መካከል ሸማኔም አለ። የማደሪያው ድንኳን መጋረጃዎችም የተሠሩት በእነዚህ እጆች ነው። ቋንቋችን ይህን ያወቀ ይመስለኛል፤ ማስተዋልንም ጥበብ እንለዋለን፣ አባቴ በነጠላው ጠርዝ የሚያወጣውንም ጥበብ እንለዋለን። በአንድ ቃል የጠራናቸውን ሁለቱን ነገሮች ግን በኑሮአችን ለያይተናቸዋል።

ለያይተናቸዋል ስል እንዲያው በደፈናው አይደለም። ሀገራችን ባለ እጅን የሰደበች ሀገር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ደብተራ እያሉ መስደብን የከለከሉት፣ የሁላችንም መነሻ አዳምና ሔዋን መሆናቸውን ያስታወሱት ስድቡ የዘወትር ስለ ነበር ነው። በዚያ አዋጅ ብረት ቀጥቃጩና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ በአንድ መስመር ላይ በስድብ መቀመጣቸውን ባነበብሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጠይብ የሚለው ቃል ራሱ የጠቢብ ዘመድ ነው፤ ክብሩን ነው ስድብ ያደረግነው። ዛሬ እነዚያ ቃላት በአደባባይ ባይሰሙም ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን በክፉ ዓይን የሚጠረጥር፣ ልጁን ከልጃቸው ጋር ለማጋባት የሚያመነታ ክርስቲያን በየመንደሩ አለ። እኔ ራሴ በትምህርት ቤት ሳለሁ የአባቴን ሥራ ስጠየቅ «ነጋዴ ነው» ብዬ መልሻለሁ። ይህን ኃጢአቴን ተናዝዤዋለሁ፤ እዚህም የምደግመው እንደ እኔ አባታቸውን የደበቁ ብዙ ልጆች በየሰንበት ትምህርት ቤታችሁ እንዳሉ እንድታውቁልኝ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ታሪክ ይዛለች፤ ሁላችሁም ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ መንበር የነበሩት ፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊ በግብፁ ገዢ በሙዒዝ ፊት ቀርበው፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ተራራ ታፈልሳለች የሚለውን የወንጌል ቃል በሥራ እንዲያሳዩ ታዘዙ። ፓትርያርኩ ሕዝቡን ጾም አዝዘው በእመቤታችን ፊት ሲያለቅሱ የተነገራቸው ወደ አንድ ታላቅ መነኩሴ ሂድ የሚል ቃል አልነበረም። ወደ ገበያው ውጣ፣ ውኃ የተሸከመ ባለ አንድ ዓይን ሰው ታገኛለህ ተባሉ። ያ ሰው ስምዖን ጫማ ሰፊው ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት ለአቅመ ደካሞችና ለሕመምተኞች ውኃ ይቀዳ ነበር፤ ቀን ቆዳ ያለፋል፣ ጫማ ይሰፋል። በሙቀጠም ተራራ ፊት በተቆመ ጊዜ ስምዖን ከሕዝቡ መካከል ከፓትርያርኩ ኋላ ቆመ፤ ፓትርያርኩም እሱ እንደ ነገራቸው ኪርያላይሶን እያስባሉ፣ እየሰገዱና በመስቀል እያማተቡ ጸለዩ፤ ተራራውም ሦስት ጊዜ ተነሣ። ከተአምሩ በኋላ ዘወር ቢሉ ስምዖንን አላገኙትም።

ይህን ታሪክ ስንሰማ የምንደነቀው በተራራው ነው። እኔን ግን ከተራራው ይልቅ የፓትርያርኩ ነገር ያስደንቀኛል። በመንበር ላይ የተቀመጡ አባት ቆዳ ፋቂውን ፈልገው ከደጃቸው ወጡ፤ ምን ላድርግ ብለው ጠየቁት፤ ያላቸውንም አደረጉ። ስምዖን ወደ ጵጵስናው ወንበር አልወጣም፤ እሳቸውም ወደ ቆዳው ሥራ አልወረዱም፤ እያንዳንዳቸው በጥሪያቸው ሆነው በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ቆሙ። የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ምን መምሰል እንዳለበት ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላየሁም።

ደግሞም የዘመናችን ሁኔታ ወደዚያ ሜዳ የሚያወጣን ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት ካህናቷን ያኖረችበትን መሬት አጣች። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዓዋዲ የተባለው መተዳደሪያ ደንብ ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በአንድነት አጥቢያቸውን የሚያስተዳድሩበትን የሰበካ ጉባኤ ሥርዓት አቋቁሞ ስለ ነበር ቤተ ክርስቲያኗ ሳትወድቅ ቀረች። ከዚያ ወዲህ የተመታው ቆርቆሮ፣ የተከፈለው የካህን ደመወዝ፣ የተገዛው ዕጣንና ጧፍ ሁሉ ከአንድ ሰው የቀን ሥራ የወጣ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት አጥቢያዎቻችን ሕንፃ የገዙት ታክሲ በሚያሽከረክሩ፣ መኪና በሚያቆሙ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው በሚጦሩ ምእመናን ገንዘብ ነው። ቤይሩትና ዱባይ በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ከደመወዛቸው እየቆረጡ ለትውልድ መንደራቸው ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይልካሉ። ቤተ ክርስቲያን ከመሬት ኪራይ ወደ ሰው ጉልበት ከተሻገረች ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ስብከታችን ግን ገና አልተሻገረም።

አሁን ስለ ራሴ ሥራ ልናገር። በተረኛነት የቅዳሜን ሌሊት ሠርቼ እሑድ ጠዋት ስወጣ ዩኒፎርሜን በቦርሳ ይዤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ብዙ ጊዜ የምደርሰው ሕዝቡ ሲሰናበት ነው። አንድ እሑድ እንዲህ ዘግይቼ በበሩ ስገባ በዐውደ ምሕረት ላይ የነበረው ሰባኪ ሰንበትን በሥራ የሚያሳልፉ ሰዎች ሆዳቸውን አምላካቸው ያደረጉ ናቸው ብሎ ሲያስተምር ሰማሁ። ሰባኪው ሱቁን ስለሚከፍተው ነጋዴ እያሰበ እንደ ሆነ ገብቶኛል፤ ክፋትም አልነበረበትም። ነገር ግን በዚያ ሌሊት አንዲት እናት ደም ፈስሷት ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ እጇን ይዤ ነበር ያደርሁት። ከእኔ አጠገብ የቆመው ጥበቃም ከሌሊት ሥራ ነበር የመጣው። አንገታችንን ደፍተን ሰማን። ከእናንተ ማን ነው በሬው በሰንበት ጉድጓድ ቢወድቅ የማያወጣው ያለውን ጌታ የሚያመልክ ጉባኤ፣ ሌሊቱን ሰው ከጉድጓድ ሲያወጡ ያደሩትን ሰዎች እንዴት አድራችኋል የሚል አንድ ቃል ሊኖረው አይገባምን?

ስለ አባ እንጦንስ የሚነገር አንድ ነገር አለ። በበረሃ በተጋድሎ ሳለ በከተማ ውስጥ ከእሱ ጋር እኩል የሆነ ሰው እንዳለ ተገለጠለት፤ ያ ሰው ሐኪም ነው፤ ከሚበቃው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል፣ ቀኑን ሁሉም ከመላእክት ጋር ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እያለ ያመሰግናል። ይህን የሰማሁት ከአንድ አረጋዊ መነኩሴ ሕመምተኛዬ አንደበት ነው፤ መርፌ እየወጋኋቸው ነበር የነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየአልጋው መካከል ስመላለስ ከንፈሬ ዝም አይልም። በነርስነት ዘመኔ ስለ ሥራዬ ያገኘሁት መንፈሳዊ ምክር ይህ አንድ ብቻ ነው።

አንድ ብቻ መሆኑ ነው ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ። የነፍስ አባቴ መልካም አባት ናቸው፤ ስለ ጾሜ፣ ስለ ጸሎቴ፣ ስለ ስግደቴ ይጠይቁኛል። በሥራ ቦታ ስለምውልበት ግን ተጠይቄ አላውቅም። አንድ ሌሊት ከአምስተኛው አልጋ ደጋግመው የጠሩኝን ሽማግሌ፣ ደክሞኝ ስለ ነበርና ስለ ትንሽ ነገር የሚጠሩኝ ስለ መሰለኝ፣ ዘግይቼ ደረስሁላቸው። ያስፈለጋቸው ውኃ ነበር፤ ክፉ ነገር አልደረሰም። እኔ ግን «ልጄ፣ ጠርቼሽ ነበር» ያሉኝ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በጾም ቀን ጥቂት ቅቤ ብቀምስ መናዘዝ እንዳለብኝ ከልጅነቴ ተምሬአለሁ፤ ይህ ግን በኑዛዜ የሚነገር ነገር መሆኑን እንኳ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በሚዛን የሚያጭበረብረው ነጋዴ፣ ጉዳይ ለማስፈጸም እጅ የሚቀበለው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ተማሪዎቹን ሳይዘጋጅ የሚያስተምረው መምህር፣ የሠራተኛዋን ደመወዝ የምታዘገየው እመቤት፣ ሁላችንም በየንስሐ አባቶቻችን ፊት ስንቀርብ ስለ ሥራችን የሚጠይቀን ስላጣን ሥራችን ከእግዚአብሔር ዓይን የተሰወረ እየመሰለን ሄዷል።

ቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ግን ስለ ሥራቸው ተናግሯቸዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሕዝቡ፣ ቀራጮችና ወታደሮች በየተራ ምን እናድርግ አሉት። ለቀራጩ ከታዘዘልህ አብልጠህ አትቀበል አለው እንጂ ቀረጥህን ትተህ ወደ በረሃ ና አላለውም። ለወታደሩ ማንንም በግፍ አትክሰስ፣ ደመወዝህ ይብቃህ አለው። የግመል ጠጉር የለበሰው በረኸኛ የእያንዳንዱን ሰው ሥራ አውቆ፣ በዚያው በሥራው ላይ ንስሐውን አሳየው። እኛ አዲሱን ዓመት በእሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን፤ መስከረም 1 ቀንን ቅዱስ ዮሐንስ እንላለን። እንግዲህ አባቶቼ፣ በዚያ ዕለት በዐውደ ምሕረት ይህ ምዕራፍ ቢሰበክ፣ ሰባኪውም የአጥቢያውን ሰዎች ሥራ አስቀድሞ ጠይቆ ለሊስትሮው፣ ለሹፌሩ፣ ለሒሳብ ሠራተኛው፣ እንጀራ ጋግራ ለምትሸጠው እናት፣ ለሐኪሙም ለእያንዳንዳቸው የሚሆን ቃል ይዞ ቢቆም ምንኛ መልካም ነበር።

ሁሉን በወቀሳ እንዳልሞላው እፈራለሁ፤ የማመሰግንበት ብዙ ነገር አለኝና። በሆስፒታላችን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በዝናም መጥተው፣ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ ለሚያጣጥር ሰው ሲጸልዩ ያደሩ ካህን አይቻለሁ፤ በነጋታው ኪዳን ለማድረስ ከዚያው ነው የሄዱት። የትራንስፖርት ሊሰጣቸው የፈለገውን ልጅ «ለመድኃኒቱ አድርገው» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የአጥቢያችን ሒሳብ ሹም ጡረተኛ ናቸው፤ ሙዳየ ምጽዋት በተከፈተ ቁጥር ከሌሎቹ ጋር እስከ ማታ ተቀምጠው የተጨማደደውን ብር አንድ በአንድ እያቃኑ ይቆጥራሉ፤ አንድም ቀን ስማቸው ሲነበብ አልሰማሁም። አገልግሎታችሁ የእናንተም የእጅ ሥራ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ያለ ደመወዝ፣ ቀን በመሥሪያ ቤታችሁ ደክማችሁ፣ ማታ ስብሰባ ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የኤፌሶንን ቀሳውስት ሲሰናበት እነዚህ እጆቼ ለእኔና ከእኔ ጋር ላሉት እንዳገለገሉ ታውቃላችሁ አላቸው። ድንኳን ሰፊ ሐዋርያ ለቤተ ክርስቲያን መሪዎች የመጨረሻ ቃሉን ሲናገር ያሳያቸው መዳፉን ነው። እናንተም ይህን መዳፍ አላችሁና የእኛን መዳፍ ለማየት አትቸገሩም ብዬ አምናለሁ።

የምለምናችሁም ከአቅማችሁ በላይ አይደለም። ማስታወቂያው ሲነበብ ገንዘቡን የሰጡት እንዲመሰገኑ እወዳለሁ፤ ከእነሱ ጋር ግን የሠሩት እንዲታሰቡ፣ ስም መጥራት ቢከብድ እንኳ «ድንጋዩን የጠረቡትን፣ ቆርቆሮውን የመቱትን፣ ግቢውን የሚጠርጉትን፣ የነዳያኑን ምሳ የሠሩትን እግዚአብሔር እጃቸውን ይባርክ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጨመር እለምናለሁ። ቋንቋችን ይህን ያውቅበታል፤ እናመሰግናለን ለማለት እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን፣ ምስጋናችን ራሱ ጸሎት ነው። የሌሊት ሠራተኞች በሚበዙባቸው ከተሞች፣ በተለይ በሆስፒታሎች አቅራቢያ ባሉት አጥቢያዎች፣ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው የሚደርስበት የቅዳሴ ሰዓት ይኖር ዘንድ ካህናቱ ቢመክሩበት፤ ካህናት በበዙባቸው አድባራት ይህ የማይቻል አይመስለኝም። ለሰበካ ጉባኤ ምእመናን ሲመረጡ የተማረውና ባለ ሀብቱ ብቻ እንዳይታይ፣ ሸማኔውም፣ ሸክላ ሠሪዋም፣ የቀን ሠራተኛውም ወንበር እንዲኖራቸው። የንስሐ አባቶቻችንም ልጆቻቸውን ሲያናዝዙ «በሥራሽ እንዴት ነሽ?» ብለው ይጠይቁን። ይህ የመጨረሻው ገንዘብም ስብሰባም አያስፈልገውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል።

የአባቴ ዓይን አሁን ደክሟል፤ ቀጭኑን ጥለት መለየት ካቃተው ቆይቷል፣ መወርወሪያውም በግድግዳው ላይ ከመቁጠሪያው ጋር ተሰቅሏል። እሱ የሠራው መጋረጃ የዕጣን ጢስ አጥቁሮት ጠርዙ ስለ ሳሳ በአጥቢያችን አዲስ ሊሠራ ታስቦ ክሩ በቅርቡ ተገዝቷል። ሥራውን የያዘው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ማታ ማታ ወደ ቤታችን እየመጣ አባቴን ያማክረዋል፤ አባቴም ጨርቁን በጣቶቹ እየዳሰሰ የላላውን ቦታ ያሳየዋል። አዲሱ መጋረጃ በሚሰቀልበት ቀን፣ ዝርዝሩ ከመነበቡ በፊት፣ ከአባቶች አንዱ ያንን ወጣት ወደ ፊት ጠርቶ መስቀሉን በሁለቱ እጆቹ ላይ እንዲያሳርፍለት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ጸሎታችሁ አይለየኝ።

ልጃችሁና እኅታችሁ፣
የሸማኔ ልጅ የሆነች አንዲት ነርስ
አዲስ አበባ